ግማሽ ብርጭቆ

ያን ቀንም የእጮኛዬ እናት ሻዩን እስከ ጠርዙ ሞሉልኝ። አንዲት ጠብታ ቢጨምሩበት ይፈስ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ ከዚያ ወንበር እያለላቸው ከፊት ለፊቴ ቆመው ጠበቁኝ። ሌላ ሰው ቢያያቸው «ምን ያሉ ደግ ሴት ናቸው፤ ሳይሰስቱ ሞሉላት» ይል ይሆናል። እኔ ግን በዚያ ቤት የሞላ ብርጭቆ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ጠጪና ሂጂ ማለት ነው።

እሱ ከግድግዳው ወዲያ ተኝቷል። ከሆስፒታል «ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም፤ ቤቱ ይረፍ» ተብሎ ከተመለሰ ወዲህ አላየሁትም። በእኔና በእሱ መካከል አንድ የተዘጋ በርና አንዲት እናት አሉ።

ከቦርሳዬ የራሴን ማንኪያ አወጣሁ። በእነሱ ቤት ለሻይ ማንኪያ አይቀርብም። ቁራጭ ስኳር ጉንጭ ውስጥ ይያዝና መራራው ሻይ በላዩ ይወርዳል እንጂ የሚያማስል ሰው የለም፤ ብርጭቆ ማንኳኳትም ነውር ነው። ብርጭቆውን ሳላነሳ ጎንበስ ብዬ ፉት አልኩለት፤ ካልጎደለ ማማሰል አይቻልማ። ከዚያ ስኳሩን ጣል አድርጌ ጀመርኩ። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ከሟሟ በኋላም አላቆምኩም።

«ሟሟ እኮ» አሉ እናቱ።

«ጣፋጭ እወዳለሁ፣ እማማ።»

«ማማሰል አያጣፍጠውም።»

ማንኪያውን አስቀመጥኩና ጆሮዬን ወደ ግድግዳው ጣልኩ። እሳቸውም አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። እንደኔው እየጠበቁ እንደነበር የአንገታቸው ሥር ይናገር ነበር። ቆይቶ፣ ነፍሴ ልትወጣ ስትደርስ፣ ከወዲያኛው ክፍል ብረት በብረት ተመታ። ኳ። ኳ።

አለ። ዛሬም አለልኝ።

* * *

የተዋወቅነው በዚሁ ድምፅ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሥራ ልብስ የሚሰፋበት ድርጅት የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለችው መኪና የኔ ናት። ረፋድ ላይ ሻይ ሲመጣ ሁሉም የየራሱን አመል ይዞ ይቀርባል። ጨርቅ የምትቆርጠው ጓደኛችን፣ «መቀስ» የምንላት፣ ሻይዋን አቀዝቅዛ እንደ ውሃ ትገለብጠዋለች፤ «ትኩስ የሚጠጣ ሰው ሥራ የፈታ ነው» ትላለች። ልብስ ተኳሿ ወተት ስለምታበዛበት ሻይነቱ ስሙ ላይ ብቻ ይቀራል። ቁልፍ የምትተክለው ሴት ከሌላ አገር ስለመጣች ጨው ነበር የምትጨምርበት። እኛ ሳሙና እንደጨመረችበት ሰው ስናያት፣ እሷ ደግሞ ስኳራችንን አይታ «ጡት ያልጣላችሁ» ትለን ነበር። እኔ ስኳር ነኝ። ያውም አጥብቄ የማማስል። እናቴ ስኳር ከሥር ከቀረ ፍቅርም ከሥር ይቀራል ባይ ናትና ያሳደገችኝ በዚያ ነው።

ያን ረፋድ ጨርቅ የሚያወጣልን የዕቃ ሊፍት ተበላሽቶ ነበር። እኔ ሻዬን ሳማስል ከሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ የሆነ ነገር ኳ፣ ኳ አለ። አቆምኩ፤ አቆመ። ደግሜ አማሰልኩ፤ ደገመ።

«አንቺ» አለች መቀስ፣ «ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰውዬ ላንቺ ነው የሚመልሰው።»

ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ግራሶ በግራሶ የሆነ ሰው በበሩ ብቅ አለ። እጁ ላይ ትንሽ መፍቻ ይዟል።

«ደወሏ የታለች?» አለ።

«የምን ደወል?»

«ሁለት ጊዜ እረፍት ደረሰ ብዬ መፍቻዬን አስቀመጥኩ እኮ። ስንት ሥራ አስፈታሽኝ!»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዓይኑን እያየሁ ነበር። በዚያ ሁሉ ጥቁር ግራሶ መሀል ዓይኖቹ ታጥበው የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። «ደወሌ» ነበር የሚለኝ።

ሊፍቱ ቶሎ ቶሎ መበላሸት ጀመረ። መቀስ «ይሄ ሰውዬ ሲጠግን ነው የሚሰብረው» ትል ነበር። ከሥራ በኋላ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ያለች ሻይ ቤት እንቀመጣለን። ማንቆርቆሪያውን ያስመጣና ራሱ ይቀዳልኛል። ሁልጊዜ ግማሽ። ስጨርሰው ደግሞ ግማሽ። አመሉ ነው ብዬ ጠይቄው አላውቅም። እሱም አላስረዳኝም፤ ለእሱ እንደ መተንፈስ ነውና ምኑን ያስረዳል? ስኳር ጉንጬ ውስጥ ይዤ እንድጠጣ አስተማረኝ፤ ትን ብሎኝ ሞቼ ነበር። እኔም ማማሰል አስተማርኩት፤ እሱ ግን የሚያማስለው ምንም ሳይጨምርበት ነው።

«ባዶ ሻይ ምን አድርጊ ብለህ ነው የምታማስላት?»

«ስትናገር ደስ ይለኛል» አለ።

እዚያች ሻይ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

* * *

ቤተሰቦቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። አባቱ ድሮ ሞተዋል፤ እናቱና እሱ ብቻ ናቸው። እሱ የተማረ ነው፣ እናቱም የተማረች ይፈልጉለት ነበር። የኔ አባት ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እናቴ ደግሞ እናቴ ናት።

«እንተዋወቅ» ተባለና እናትና አባቴን ይዤ እነሱ ቤት ሄድኩ። እናቴ ለሠርግ ብቻ የምታወጣውን ጫማ አደረገች። የእሱ እናት በሩ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን፣ ከሁሉ የተሻለውን ወንበር ሰጡን፣ ሻይ አፈሉ። ቀዱም። ግማሽ፣ ግማሽ፣ ግማሽ።

እናቴ ብርጭቆዋን አየች። አባቴ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «አልቆባቸው ይሆናል፣ ዝም በይ» አላት። እናቴ ሻዩን አልቀመሰችውም። እሱ ከኔ ጋር በዓይን ሲነጋገር ነበርና አላየም። እናቱ ግን አዩ። የተቀዳላትን ያልቀመሰች እንግዳ!

መንገድ ላይ ነው የፈነዳችው።

«ግማሽ! ለኔ ግማሽ! ለለማኝ እንኳ ሙሉ ይቀዳል!»

«ቀስ በይ አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ይሰማል» አለ አባቴ።

«ይስማ! ልጄን በግማሽ ብርጭቆ ልሸጣት ነው? ቆይ፣ ትምጣ። እንግዳ እንዴት እንደሚከበር አሳያታለሁ።»

አሳየቻቸውም። የእሱ እናት በተራቸው ከልጃቸው ጋር ሲመጡ እናቴ ሻዩን እስከ ጠርዙ ሞላችው፤ ከዚያም አልፎ ሰሃኑ ላይ እስኪፈስ ቀዳችው። እኛ ቤት የሚፈስ ሻይ ትልቅ ክብር ነው፤ አባቴ ከሰሃኑ ላይ ፉት ሲል ነው ያደግኩት። እናቱ የሚፈሰውን ሻይ ለጥቂት ጊዜ አዩት። ገና መቀመጣቸው ነበር። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነሡ።

«ገባኝ» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ሄዱ። እሱ ግራ ተጋብቶ ተከተላቸው። እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ ከኋላቸው የማይባል ነገር ተናገረች። «መጤ» የሚለው ቃል እስከ ታችኛው ፎቅ ተሰማ።

በማግሥቱ ድርጅቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ነገረኝ። እነሱ ዘንድ ግማሽ የሚቀዳለት እንዲቆይ የሚፈለግ እንግዳ ነው። ቶሎ ያልቅና ብርጭቆው ይመለሳል፣ እንደገና ትኩስ ይቀዳለታል፣ ወሬው ይቀጥላል። እስከ ጠርዙ የተሞላለት ግን፣ በቃ፣ ጠጥቶ በሰላም ይሂድ ማለት ነው። መጀመሪያ ተያየን። ከዚያ እስኪያመን ሳቅን።

«ይሄ ብቻ ነው?» አልኩ እንባዬን እየጠረግኩ።

«ይሄ ብቻ ነው፣ ደወሌ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ያልቃል።»

አላለቀም። እናቱ «ሻዩን ተረዳሁት፤ ደረጃው ላይ የተባለውንስ በምን ልረዳው?» አሉ። እናቴም ስነግራት ትንሽ ደነገጠችና፣ «ታዲያ አፍ የላትም? እንዲህ ነን አትልም?» ብላ ፊቷን አዞረች። ሻዩ ተደፍቶ ደርቆ ነበር፤ የተባለው ግን አልደረቀም።

እኛ ግን ማንም ባይመርቀን ልንጋባ ተነጋገርን። መጋረጃ እስከ መምረጥ ደርሰን ነበር። ያኔ ነው ማሳል የጀመረው። የሊፍት ጉድጓድ አቧራ ነው አለ። እኔም አመንኩት፤ ማመን ደስ ይል ነበር።

* * *

ከሆስፒታል ቤቱ ሲመለስ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። እናቱ ከፈቱልኝ። ከስተዋል። እሱን ማየት እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«ጤነኛው ያንቺ ነበር» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ቀኑንም ምሽቱንም ካንቺ ጋር ነበር፤ እኔ መቼ ጠየቅኩ? በሽተኛው ግን የኔ ነው። እሱን ተዪልኝ።»

«አንዴ ብቻ ልየው፣ እማማ።»

«ግቢና ሻይ ጠጪ። እኛ ቤት ሻይ ሳይቀመስ የሚሸኝ ሰው የለም።»

ሞሉልኝ።

እንዲህ ሆነ ኑሮዬ። ከሥራ እወጣለሁ፣ እሄዳለሁ፣ አንኳኳለሁ። ባሕላቸው ስለሆነ ከበር አይመልሱኝም፤ ልባቸው ስለተዘጋ ደግሞ ከአንድ ብርጭቆ አያሳልፉኝም። በዚያ ቤት የሚፈቀድልኝ ጊዜ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ነው። ስለዚህ ሻይ ማስረዘም ተማርኩ። አባቴ፣ ያ ከሰሃን ፉት የሚል ሰው፣ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ሲገባው አንድ ቀን አብሮኝ መጣ። ሰሃን ለመነ። ጥቂት ጥቂት እየገለበጠ፣ እፍ እያለ፣ ስለ ድሮ መንገዶች እያወራ ቀኑን ሊያስመሽ ሞከረ። እናቱ ቆመው ጠበቁትና በመጨረሻ፣

«አባወራው፣ ይሄ ሻይ ነው ወይስ ጡረታ?» አሉት።

አባቴ ሳቀ። እሳቸውም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ከንፈራቸውን ነክሰው መለሱት።

በመጀመሪያው ቀን ለሥራ ቦታ ሻይ ቦርሳዬ ውስጥ በምይዛት ማንኪያ ያማሰልኩት ልማድ ሆኖብኝ እንጂ አስቤበት አልነበረም። ከወዲያ ብረት ሲመታ ግን ብርጭቆው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ያ ትንሽ መፍቻ! አልጋው የብረት ነው። መናገር ቢያቅተው፣ ትንፋሹ ለቃል ባይበቃው፣ በመፍቻው መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ የምሄደው ለዚያ ነበር። መጀመሪያ ላይ ምቱ እንደ ድሮው ቀልደኛ ነበር፤ ስደጋግም ይደጋግማል። እያደር ሁለት ብቻ ሆነ። ከዚያም በሁለቱ መካከል ያለው ዝምታ ረዘመ።

«እንቅልፍ ላይ ነው ይሉኛል» አልኳቸው አንድ ቀን። «እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ያንኳኳል?»

«ብርጭቆሽን ጨርሺ፣ ልጅት።»

አንድ ጠዋት ለሥራ ስወጣ እናቴ በሩ ላይ አስቆመችኝ። ቦርሳዬን ከፍታ የማዘወትራትን ማንኪያ አወጣችና በቦታዋ ሌላ ከተተችበት። ከቤታችን ዕቃ ሁሉ ከበድ የሚለው፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚወጣው ነው።

«ያ ድምፁ ቀጭን ነው» አለች። «ይሄኛው ግድግዳ ያልፋል።»

እናቴ በሕይወቷ ይቅርታ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ያን ጠዋት ግን ሰማሁ።

* * *

የመጨረሻው ቀን ፀሐይ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቀኝ። ገባሁ። እናቱ ሽርጣቸውን አላሰሩም። ጠረጴዛው ላይ ማንቆርቆሪያውና ሁለት ብርጭቆ ነበር፤ አጠገቡ የታጠፈ ነጭ ፎጣ። ብቻዬን ስመጣ ሁለት ብርጭቆ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቀዱልኝ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

እንደገና ይቀጥላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ።

ብርጭቆውን አየሁ። እሳቸውን አየሁ። ፊቴ ላይ የሆነውን አላውቅም፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከኔ ላይ አነሡ። ግማሽ! እናቴ እዚህ በነበረች፣ ይህን ባየች ብዬ ተመኘሁ። የምን ሠርግ፣ የምን ሽማግሌ፣ ከዚህ በላይ ምን ምርቃት አለ? ቆዪ ተባልኩ። በዚያ ቤት ቆዪ ተባልኩ።

ስኳሬን ጣልኩና አማሰልኩ። የጎደለ ብርጭቆ ከሞላው ይልቅ ይጮሃል። የእናቴ ማንኪያ ደግሞ እንዴት ያለ ድምፅ ነበረው! ቤቱን ሞላው። አቆምኩና ጠበቅኩ።

ዝም አለ።

«ተኝቷል?» አልኩ።

«ተኝቷል» አሉ።

ጠጣሁ። ብርጭቆዬን ተቀብለው ደግመው ቀዱልኝ፤ ግማሽ። ለራሳቸውም ቀዱና ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እሱ ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስታዬ አፌን ፈታው። አወራሁ። ስለ መጋረጃው ነገርኳቸው፤ እሱ ሰማያዊ እኔ ነጭ ብለን እንደተጣላን። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንዴት እንደመለሰልኝ፣ መቀስ ምን እንዳለች ነገርኳቸው። ሲሻለው ሁለቱን እናቶች አስቀምጠን አንዳችሁ ግማሽ አንዳችሁ ሙሉ እየቀዳችሁ ተፋረዱ እንላችኋለን አልኩ። እሳቸው «አዎ» ይላሉ። «አዎ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። እንዲህ በጉጉት ሲያዳምጡኝ አይቼ ስለማላውቅ ይበልጥ አወራሁ።

ሦስተኛውን ቀዱ። ቁራጭ ስኳር አንሥተው በገዛ እጃቸው ብርጭቆዬ ውስጥ ጣሉልኝ።

«አማስዪ» አሉኝ።

«ይረብሸው ይሆናል፣ እማማ። ከተኛ ይተኛ።»

«አማስዪ፣ ልጄ።»

ልጄ አሉኝ። አማሰልኩ። ሳማስል እጄ ፎጣውን ገፋ አደረገው፤ እጥፋቱ ተገለጠ። ውስጡ መፍቻው ነበር። ግራሶ የለበትም። በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ያ መፍቻ ከእጁ ተለይቶ አያውቅም። ታጥቦም አያውቅም።

ማንኪያው ቆመ። 

«መቼ?» አልኩ።

«ሊነጋጋ ሲል።»

«እና ያን ሁሉ ጊዜ... እኔ ስስቅ... ለምን? ለምን አልነገሩኝም?»

የራሳቸውን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። አልጠጡትም።

«ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ አንቺ እስክትመጪ ብቻዬን ተዉኝ ብዬ ሸኘኋቸው። ሐኪሙ ያውቃል። እኔ አውቃለሁ» አሉ። «ከተማው ውስጥ ልጄ በሕይወት የቀረው አንቺ ዘንድ ብቻ ነበር። ስትገቢ ፊትሽ ላይ አየሁት። ሻዩ እስኪያልቅ ይቆይልኝ አልኩ። ይኸው ነው። ሻዩ እስኪያልቅ።»

ልጮህባቸው ፈልጌ ነበር። ያንን ሁሉ ቀን በሞላ ብርጭቆ ያስወጡኝን፣ ትንፋሹ እያለ የነፈጉኝን ልረግማቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አየሁ። ባዶ ነው። ሦስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ እያሉ ያስረዘሙት ያችኑ የቀረቻቸውን ጊዜ ነበር። 

ተነሥተው በሩን ከፈቱት። ያን በር።

«ግቢ» አሉኝ። «አሁን የሁለታችንም ነው።»

ብርጭቆዬን ይዤ ገባሁ፤ ማስቀመጥ ትዝ አላለኝም። መጋረጃው ተሰብስቦ ፀሐይ ገብቷል። ፊቱ አልተለወጠም፤ ከስቷል እንጂ። ግራሶ የሌለበት እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። ከአልጋው አጠገብ ተንበረከክኩ። ስለ ለቅሶ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ማድረግ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማንኪያውን አንሥቼ የቀረችውን ሻይ አማሰልኩለት። ቀስ ብዬ። ከዚያ አቆምኩ። እንደማይመልስ አውቃለሁ። ግን ጠበቅኩ፤ ጆሮ አያውቅም፤ ጆሮ ይጠብቃል።

ከኋላዬ እግር ሲጎተት ሰማሁ። እናቱ መጥተው ከአልጋው ግርጌ ቆሙ። መፍቻውን ይዘዋል። በማያውቁበት እጃቸው አንሥተው የአልጋውን ብረት መቱልኝ።

ኳ።

ኳ።